ሁሉም የሳቀበትን ሐሳብ እንዴት እንመዝን?

በየቤቱ፣ በየቢሮው፣ በየመማሪያ ክፍሉ "እናንተ ያላያችሁትን አይቻለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ እውነቱን ነው። አብዛኛው ግን ተሳስቷል። የሚያስቸግረው ሁለቱም ሲናገሩ መመሳሰላቸው ነው። ሁለቱም ግትር ናቸው፣ ሁለቱም "አልገባችሁም" ይላሉ፣ በሁለቱም ይሳቃል። ሊቅ የሚያደርግ መመሪያ የለም። ሊቅ ሲመጣ ከደጃፍ የማይመልስ ሰው መሆን ግን ይቻላል። አታላይ ሲመጣም አለመሸወድ ይቻላል። ሁለቱም በልምምድ የሚመጡ ናቸው፣ ይሄ ጽሑፍም ስለ ልምምዱ ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚነገረን "ሊቁ ብቻውን ያያል፣ ተራው ሕዝብ ስለማይገባው ይስቅበታል" ተብሎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ታሪኮቹን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ተራው ሰው ከምሁሩ ቀድሞ ያየበት ጊዜ ብዙ ነው። ሞኝነት የትምህርት ማነስ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤት መክፈት ይበቃ ነበር። ግን አይደለም። ዓይኑ ሥር ያለውን ነገር ዝቅ ብሎ ለማየት የማይፈልግ ሰው ሁሉ፣ ፕሮፌሰርም ይሁን ጫማ ጠጋኝ፣ እዚያው ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁና ወደ ዘዴው እንሄዳለን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቪየና፣ 1847

በኦስትሪያዋ ከተማ በቪየና፣ በትልቁ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሚያዋልዱት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። በሁለተኛው አዋላጆች። በአንደኛው ክፍል ከ100 ወላዶች 10 ያህሉ በአራስ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። በሁለተኛው 4 እንኳ አይሞሉም። ክፍሎቹ ተራ እየገቡ ስለሚቀበሉ አንዲት ሴት የት እንደምትተኛ የሚወስነው ምጧ የመጣበት ቀን ነው።

የከተማዋ ድሃ ሴቶች ይሄንን ያውቁ ነበር። ተራው የአንደኛው ክፍል መሆኑን ሲሰሙ ተንበርክከው "ወደዚያ አታስገቡን" እያሉ ይለምናሉ። መንገድ ላይ ወልደው የሚመጡም ነበሩ። መንገድ ላይ የወለዱት ደግሞ ሐኪም ካዋለዳቸው በተሻለ ይተርፉ ነበር! እስቲ አስቡት። አንድም ቀን ሕክምና ያልተማሩ ሴቶች ሞት የትኛው ክፍል እንዳለ ያውቃሉ፣ ፕሮፌሰሮቹ ግን ስለ መጥፎ አየርና ስለ ሴቶቹ ፍርሃት ያስተምራሉ።

ኢግናዝ ሴሜልቫይስ የተባለ ወጣት ሐንጋሪያዊ ሐኪም እዚያ ይሠራ ነበር። የእሱ ብልህነት የሴቶቹን ልመና እንደ ወሬ አለመቁጠሩ ላይ ነው። አየሩ ለሁለቱም ክፍል አንድ ነው፣ ስለዚህ መንስኤው አየር ሊሆን አይችልም። ምናልባት አልጋው ተጣቦ ይሆን? ይባስ ብሎ የተጣበበው ሁለተኛው ክፍል ነው፣ ሴቶቹ አንደኛውን ስለሚሸሹ። አንዱ ግምት ደግሞ የቄሱ ቃጭል ነበር። ቄሱ ለሚሞቱት ቁርባን ይዘው ሲሄዱ በአንደኛው ክፍል መሃል ነው የሚያልፉት፣ ቃጭሉ ሲሰማ ወላዶቹ ይደነግጣሉ ተባለ። ሴሜልቫይስ ቄሱን በሌላ መንገድ ያለ ቃጭል እንዲሄዱ ለመናቸው። ሞቱ አልቀነሰም። እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ጣላቸው።

በ1847 ጓደኛው ያኮብ ኮሌችካ በአስከሬን ምርመራ ላይ እያለ አንድ ተማሪ በቢላ ጣቱን ወጋው። ታመመና ሞተ። የምርመራ ውጤቱን ሲያነብ ሴሜልቫይስ ያየው በአራሶቹ ሬሳ ላይ በየቀኑ የሚያየውን ነው። ያን ጊዜ ነገሩ በራለት። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ሲመረምሩ ያረፍዱና በዚያው እጃቸው ያዋልዳሉ። አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። በግንቦት ወር ሁሉም ሰው ክሎሪን ባለበት ውሃ እጁን ካልታጠበ ወላድ እንዳይነካ አዘዘ። ከዛሬው በረኪና ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ገደማ፣ በሐምሌ ከዚያም ወረደ።

ብዙዎቹ ትላልቅ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። በ1849 ሥራው አልታደሰለትም። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ በ47 ዓመቱ ሞተ።

ዓድዋ፣ 1964

ሁለተኛው ታሪክ የራሳችን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ሄደው ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። ይሄ በሽታ ወደ ሰው የሚደርሰው ወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚሸጠው ኬሚካል ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። በእንዶድ። እንዶድ እንዴት እንደሆነ ለማታውቁት፣ ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ሲያሹት አረፋ ይወጣዋል፣ ነጠላና ጋቢ ቁልጭ አድርጎ ያነጣል። እናቶቻችን ኦሞ ሳይመጣ በፊት በምን ያጥቡ እንደነበር መጠየቅ ነው። ዶክተር አክሊሉ ከሚያጥቡት ሴቶች ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውሃው ላይ ተንሳፍፈው አዩ። ሌላ ቦታ ያን ያህል የሞተ የለም። እዚያው ቆመው አንዷን ሴት ከአረፋው ትንሽ በዕቃ እንድትሰጣቸው ለመኗት። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ከተቱበት። ሞቱ።

የመጀመሪያው ሙከራ ይሄው ነው። ላቦራቶሪ የለው፣ ገንዘብ የለው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው፣ ስንት ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን ረጅም ነበር። የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን እያወዳደሩ ምርጡን፣ "ዓይነት 44" የሚባለውን ለዩ። ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተደረገ የአምስት ዓመት ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለዓመታት ጀርባ ሰጡት። በወቅቱ ይመከር የነበረው ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚያመርተው ኬሚካል ነው። ሁለቱ ምሁራን በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ዶክተር አክሊሉ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። የአፍሪካ ሳይንስ ችግሩ የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም፣ ከእኛ የዓለም ክፍል ደህና ሳይንስ ይወጣል ብሎ ለማመን የሚከብዳቸው ሰዎችና ድርጅቶች መኖራቸውም ጭምር ነው አሉ።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጓቸው። በሁለቱም ላይ ተራ ሴቶች አሉ፣ አንዷ ሞት የት እንዳለ ታውቃለች፣ ሌላዋ መድኃኒቱን በእጇ ይዛለች። በሁለቱም ላይ ለእነዚያ ሴቶች ሥራና ቃል ክብር የሰጠ አንድ ሰው አለ። በሁለቱም ላይ የተማሩና የተሾሙ እምቢ ባዮች አሉ። ዘዴው የሚወጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን ትታችሁ ነገሩን ያዙ

አዲስ ነገር ስንሰማ አፋችን ላይ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ "አንተ ማን ነህ?" ነው። የት ተማርክ? የማን ልጅ ነህ? ስንት ዓመትህ ነው? ይሄ ጥያቄ ጊዜ ይቆጥባል፣ ለዚያ ነው የምንወደው። ግን ስለ ነገሩ አንዳች አይነግረንም።

በ1913 ሕንድ ውስጥ አንድ የማድራስ ወደብ ጸሐፊ፣ በዓመት 20 ፓውንድ የሚከፈለው፣ ዩኒቨርሲቲ ያልጨረሰ፣ ለካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ለሐርዲ ደብዳቤ ጻፈ። ስሙ ራማኑጃን ነው። ደብዳቤው በቀመር የተሞላ ነበር፣ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ከዚያ በፊት ለሌሎች ሁለት የካምብሪጅ ምሁራን ጽፎ ምንም አላገኘም። ሐርዲም መጀመሪያ አጭበርባሪ ነው ብሎ ጠርጥሮ ነበር። ነገር ግን ወረቀቱን አልጣለውም። ማታ ከባልደረባው ከሊትልዉድ ጋር ቁጭ ብለው ቀመሮቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ጥቂቱን ያውቁታል። ጥቂቱን ደክመው ማረጋገጥ ቻሉ። ሌላው ጨርሶ የማያውቁት ነበር። ሐርዲ የደረሰበት መደምደሚያ ቀመሮቹ እውነት መሆን አለባቸው የሚል ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ነገር ፈጥሮ ለመዋሸት የሚበቃ አእምሮ ያለው ሰው አይገኝም። ከአምስት ዓመት በኋላ ራማኑጃን ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ።

ሐርዲ ምን አደረገ? ሰውየውን ለማመንም ላለማመንም ሳይቸኩል የተጻፈውን አነበበ። አንድ ማታ ሰጠው። እኛም ቢያንስ አንድ ማታ መስጠት እንችላለን።

ይሄ ምክር በተቃራኒውም ይሠራል። ሰውየውን መተው ማለት ሊቅ የሚመስለውንም መተው ነው። ኤልሳቤጥ ሆምስ በ2003 ቴራኖስ የተባለ ኩባንያ መሠረተች። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ብዙ ምርመራ እናደርጋለን አለች። ጥቁር አንገተ ረጅም ሹራብ ትለብሳለች፣ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ከስታንፎርድ ትምህርቷን አቋርጣ የወጣች ናት። ሊቅ ምን መምሰል እንዳለበት ሰው በልቡ የያዘውን ሥዕል ቁርጥ ሆና ቀረበች። የቀድሞ ሚኒስትሮች በቦርዷ ላይ ተቀመጡ፣ ኩባንያው 9 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። መሣሪያው ግን የተባለውን አይሠራም ነበር። በ2022 ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። መሣሪያውን ትተው ሴትዮዋን የመዘኑ ሁሉ ከሰሩ።

"ምን አየህ?" ብላችሁ ጠይቁ

"ምን ታስባለህ?" አይደለም፣ "ምን አየህ?" ነው የሚባለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሰው የሚያየው ነገርና ስላየው ነገር የሚሰጠው ምክንያት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ትክክል ሆኖ ሌላው ሊሳሳት ይችላል። ብዙ ሰው ምክንያቱ ላይ ስህተት ሲያገኝ የታየውንም አብሮ ይጥለዋል፣ ትልቁ ሞኝነትም እዚህ ላይ ነው።

አልፍሬድ ቬገነር በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ አለ። ምን አየ? የደቡብ አሜሪካና የአፍሪካ ዳርቻ ቢገጣጠሙ ይገጥማሉ። በውቅያኖስ የተለያዩ አገሮች ላይ የአንድ ዓይነት ጥንታዊ እንስሳትና ዕፅዋት ቅሪት ይገኛል። የድንጋዩ ዓይነት ከዚህ ማዶ ተቆርጦ ከዚያ ማዶ ይቀጥላል። ይሄ የታየ ነገር ነው፣ ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል። አህጉራቱን ምን እንደሚገፋቸው የሰጠው ማብራሪያ ግን ደካማ ነበር። የጂኦሎጂ ምሁራን ማብራሪያውን መቱና የታየውንም አብረው ቀበሩት። ሰውየው በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ። ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው በ1960ዎቹ ነው። ዛሬ አፋር ላይ ምድር እየተሰነጠቀች እንደሆነ የሚነግሩን የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዎች የሚሠሩት በዚያ ሐሳብ ላይ ቆመው ነው።

ሴሜልቫይስም እንዲሁ። የሚገድለው ከሬሳ የሚመጣ ብናኝ ነው ይል ነበር፣ ጀርም የሚባለው ነገር ገና ተቀባይነት አላገኘም። ማብራሪያው ጎዶሎ ነው። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው።

ስለዚህ በተግባር እንዲህ አድርጉ። ሰውየው ሲናገር በልባችሁ ለሁለት ክፈሉት፣ ያየው ይሄ ነው፣ የሚያስበው ያ ነው። ያየው ነገር ከሌለ፣ ሁሉም ነገር "እኔ እንደማስበው" ከሆነ፣ በትህትና አመስግናችሁ ሂዱ። ያየው ነገር ካለ ቁጭ በሉ።

ቢሳሳት ኖሮ ምን እናይ ነበር?

ይሄኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ1903 ሬኔ ብሎንድሎ የተባለ የተከበረ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ አዲስ ጨረር አገኘሁ አለ። ኤን ጨረር ብሎ ሰየመው። ብዙ ሌሎች ሳይንቲስቶች "እኛም አየነው" አሉ። ጨረሩ የሚታየው በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በጣም ደብዛዛ ብርሃን ትንሽ ሲደምቅ ነው። በ1904 ሮበርት ዉድ የተባለ አሜሪካዊ የብሎንድሎን ላቦራቶሪ ለማየት ሄደ። ጨረሩን የሚበትነው ፕሪዝም መሣሪያው ላይ ተቀምጧል። ዉድ በጨለማው ውስጥ ማንም ሳያየው ፕሪዝሙን አነሳው። ብሎንድሎ ግን ምንም እንዳልተለወጠ ያህል ቁጥሩን ማንበቡን ቀጠለ።

ብሎንድሎ ሌባ አልነበረም። ማየት የፈለገውን አየ፣ አብረውት ያሉትም እንደዚያው። ስለዚህ አንድ ሰው ተአምር ሲነግራችሁ "ፕሪዝሙ ቢነሳስ?" በሉ። ያ መድኃኒት ባይሰጥ ኖሮ ሰውየው አይድንም ነበር? ሳይወስዱ የዳኑትንስ ማን ቆጠራቸው? "የዳኑ ሰዎች ምስክርነት" እየተባለ በቲክቶክ የሚለቀቀው ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፣ ያልዳነ ሰው ቪዲዮ ሠርቶ አይለቅማ። ሴሜልቫይስ ግን ይሄንን ፈተና አለፈ፣ ሁለተኛው ክፍል አጠገቡ ነበራ።

ሥራውን በእጁ የሚሠራውን ሰው ጠይቁ

ገበሬውን፣ አጣቢዋን፣ ነርሷን፣ ሾፌሩን፣ ዘበኛውን። አንድ ማሽን ለምን እንደሚበላሽ ማወቅ ከፈለጋችሁ ኢንጂነሩን ብቻ አትጠይቁ፣ በየቀኑ የሚያስነሳውን ልጅ ጠይቁ። ምክንያቱን ላይነግራችሁ ይችላል። "ሲዘንብ እንቢ ይላል" ብቻ ሊላችሁ ይችላል። ያ ግን የታየ ነገር ነው፣ ከዚያ መጀመር ይቻላል። የሚጠየቀው ሰው እንደሚቀልዱበት ካሰበ አይነግራችሁም። የአገራችን ሰው ለተማረ ሰው "እርስዎ ያውቃሉ" ብሎ ዝም ማለት ይቀናዋል፣ በዚያ ዝምታ ስንት ዕውቀት ተቀብሯል። ስለዚህ ጊዜ ወስዳችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ከሥራው ቦታ ላይ ሆናችሁ ጠይቁ። ሲሠራ እያያችሁ።

ሙከራው ርካሽ ከሆነ ሞክሩት

የጨጓራ ሕመም እኛ አገር የማያውቀው ቤት የለም። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች የጨጓራ ቁስል መነሻው ጭንቀት፣ ቅመምና አሲድ ነው ይሉ ነበር። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባክቴሪያ ነው አሉ። አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ተባሉ። ማርሻል በ1984 ጨጓራውን አስመርምሮ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ታመመ። ጨጓራው እንደገና ሲታይ ተቆጥቷል፣ ባክቴሪያውም እዚያው አለ። በ2005 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ክሊኒክ ስትገቡ "ኤች ፓይሎሪ ተመርመሩ" የምትባሉት፣ ያ የባክቴሪያው ስም ነው፣ በእነሱ ምክንያት ነው።

እንደ ማርሻል ባክቴሪያ ጠጡ እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። መመዘኛችሁ ይሄ ይሁን፤ ብንሞክረውና ሐሰት ቢሆን ምን እናጣለን? እውነት ሆኖ ሳንሞክረው ብንቀርስ? እጅ መታጠብ ሳህንና ውሃ ነው። የእንዶዱ ሙከራ አንድ ዕቃ አረፋ ነው። እንዲህ ያለውን ሙከራ እምቢ ማለት ምንም ማመካኛ የለውም። አንድ ሰው ግን "የስኳር መድኃኒትህን አቁመህ የእኔን ጠጣ"፣ "ቤትህን ሸጠህ እዚህ ላይ አስገባ" ካላችሁ ሙከራው ርካሽ አይደለም። ሊቅም ቢሆን፣ ነቢይም ነኝ ቢል፣ እሱ ራሱ ከሌላ ቦታ ማስረጃ ያምጣ።

"ጋሊሊዮም ተስቆበታል" ለሚሏችሁ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። የተሳቀበት ሰው ሁሉ ጋሊሊዮ አይደለም። መሳቂያ መሆን ማስረጃ አይሆንም፣ መሳቂያ መሆን ይቅርና መሰደድም አይሆንም።

እውነት ቢሆን ማን ይከፋዋል?

ሐኪሞቹ ሴሜልቫይስን ለምን እንቢ አሉት? ከፊሉ ትዕቢት ነው። ከፊሉ ግን ሌላ ነው። ሐሳቡን መቀበል ማለት "እነዚያን ሁሉ እናቶች የገደልኳቸው በእጄ ነው" ብሎ መቀበል ነው። የኪል ከተማው ሐኪም ጉስታቭ ሚካኤሊስ ሐሳቡን ተቀበለ። ያዋለዳት ዘመዱ በአራስ ትኩሳት ሞታበት ነበር። በ1848 ራሱን አጠፋ። ይሄንን ሳነብ እምቢ ባዮቹን ከመናደድ ይልቅ አዘንኩላቸው። ሰው እውነት የሚያስከፍለውን ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ሲያናድዳችሁ፣ ገና ሳትሰሙት ደማችሁ ሲፈላ፣ ቆም ብላችሁ ይሄ እውነት ቢሆን እኔ ምን አጣለሁ በሉ። የሃያ ዓመት ልፋቴ ከንቱ ይሆናል? ታናሼ ከእኔ የተሻለ ያውቃል ማለት ነው? ለልጄ ያደረግኩት ስህተት ነበር ማለት ነው? መልሱ "አዎ" ከሆነ ለዚያ ሐሳብ ዳኛ አትሁኑ። ምንም የማያገባውን ሰው ጥሩና እሱ ይይላችሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ግን ሞኙ ብቻ አይደለም፣ የሚያጣው ነገር ያለው ብልህም አይለቅም።

ቤት ውስጥ ስላለው

እኛ ጋ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ሲረዝም "ኧረ ዝም በል!" ይባላል። ተማሪው መጽሐፍ ላይ ከሌለው መንገድ መልሱን ሲያገኝ ይሰረዝበታል። ወጣት ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ሲናገር "ገና ከትናንት ወዲያ ነው የመጣው" ይባላል። ለአዋቂ ክብር መስጠት ደግ ባህላችን ነው፣ እኔም አክብሬው ነው ያደግኩት። ማክበርና መመርመር ግን አብረው መሄድ ይችላሉ። የቅኔ ቤት ባህላችን ይሄንን ያውቀዋል፣ ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ መምህሩም ይሰማና ያርማል። ትናንት የተዘረፈውን ደግሞ ማምጣት አያስመሰግንም፣ አዲስ ይጠበቃል። ይሄ ለሒሳብም ለእርሻም ለምን አይሆንም?

ከሁሉ የሚቀለው ለውጥ የምንመልሰውን ቃል መቀየር ነው። "ከየት አመጣኸው?" በሚለው ፈንታ "እስቲ አሳየኝ" በሉ። ልጁ ካሳያችሁ አብራችሁ እዩ። የተሳሳተበትን ቦታ ራሱ እንዲያገኘው ተዉት። ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፣ ምንም አይደለም።

ሐሳቡ የእናንተ ከሆነ

ሴሜልቫይስ መጽሐፉን ያሳተመው በ1861 ነው። ነገሩን ካወቀ ከ14 ዓመት በኋላ! በመሃል ሌሎች ስለ እሱ ሲጽፉ ብዙው ተዛብቶ ደረሰ። ቆይቶ ደግሞ ተቃዋሚዎቹን ነፍሰ ገዳይ እያለ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ንዴቱ ይገባኛል፣ እናቶች እየሞቱ ነው። ግን ማንንም አልመለሰም። ስለዚህ ቶሎ ጻፉ፣ ከነቀኑ፣ ከነቁጥሩ፣ ያልሠራበትንም ጊዜ ሳትደብቁ። ስድብ አታስገቡ።

ዶክተር አክሊሉ ያደረጉትን ደግሞ ተመልከቱ። አንድ ዕቃ አረፋ ላይ አልቆሙም፣ የአምስት ዓመት ቁጥር ይዘው ቀረቡ። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ተጓተተባቸው፣ ቁጥሩ ባይኖር ግን ጭራሽ የሚሰማቸው አይኖርም ነበር። ከሥራው ጋር የሚውሉትንም አጋር አድርጉ፣ በእናንተ ላይ ቢስቁም ነገሩን በደንብ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ለማን እንደምትልኩም አስቡበት። አንዱ ካልመለሰ ለሌላው ላኩ፣ ራማኑጃን ለሦስተኛው ባይጽፍ ኖሮ ማድራስ ወደብ ላይ ይቀር ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰውየው ቶሎ አይቶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ቀላሉን ክፍል አስቀምጡ፣ ከባዱን ከኋላ። ሐርዲ በጻፈለት የመጀመሪያ መልስ ላይ የጠየቀው ማረጋገጫውን ነው፣ እናንተንም የሚያነብ ሰው ያንኑ ይጠይቃችኋልና ከደብዳቤው ጋር አብራችሁ ላኩት።